የመብራት ቢል እየከፈላችሁ የምርጫ ድምፅ ከሌላችሁ፦ ወደ ከተማው ክርክር እንዴት እንደምትገቡ

ቢሉ የሚመጣው ከከተማው ነው። ምሰሶው የከተማው ነው። መብራት ሲጠፋ የሚመጣው መኪና በሩ ላይ የከተማው ዓርማ አለበት። እኔ ግን የከተማው ነዋሪ አይደለሁም።

ይህን ያወቅሁት በስልክ ነው። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ከቢሉ ጋር ታጥፎ የመጣ ቢጫ ወረቀት አነበብኩ። ታሪፍ ሊጨመር ስለሆነ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ ተጠርቷል ይላል። ቢሮ እስኪከፈት ጠበቅሁና ለሰፈሩ የምክር ቤት አባል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አድራሻዬን ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገችና «ይቅርታ፣ እርስዎ ያሉት ከከተማው ወሰን ውጭ ነው፤ እኛ ጋ የሚወክልዎት ሰው የለም» አለችኝ። ወሰኑ ከቤቴ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። የመብራት ሽቦው ተሻግሮት ይመጣል። እኔ ተሻግሬ መምረጥ አልችልም።

አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥኩ አልቆጠርኩም። ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ከከተማ መብራት ለምትገዙ ወገኖች ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ከወሰኑ ውጭ ላላችሁ። «መብራቱን ማን ይያዘው?» የሚል ክርክር በከተማችሁ ሲነሳ ከየት እንደምትጀምሩ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መብራታችሁ የማን እንደሆነ እወቁ

ብዙዎቻችን ያደግነው መብራት የመንግሥት፣ ያውም የአንድ ድርጅት በሆነበት አገር ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። አንዳንዱ አካባቢ መብራት የሚያቀርበው ባለአክሲዮኖች ያሉት የግል ኩባንያ ነው። አንዳንዱ ጋ አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ወደ ሁለት ሺህ በሚጠጉ ቦታዎች ደግሞ የሕዝብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የከተማው። ከሰባት የመብራት ደንበኞች አንዱ ያህል የሚገዛው ከእነዚህ ነው።

ልዩነቱ ቢላችሁ ላይ ይመጣል። የግል ኩባንያ ታሪፍ መጨመር ሲፈልግ የስቴቱን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ማስፈቀድ አለበት። የከተማ መብራት ግን በአብዛኛው ስቴት ይህ ግዴታ የለበትም። ታሪፉን ከተማው ራሱ ይወስናል። ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ነው፦ ደንበኛው መራጭ ነው፣ መራጩ ባለቤት ነው፣ ካልተመቸው የምክር ቤት አባሉን በምርጫ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ሌላ ጠባቂ አያስፈልገውም። ለከተማው ነዋሪ ይህ ያስኬዳል። ከወሰኑ ውጭ ላለው ሰው ግን ኮሚሽኑም የለም፣ ምርጫውም የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ነገር አጣሩ። ቢሉ ላይ ያለው ድርጅት የማን ነው? ቤታችሁስ ከወሰኑ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? የፖስታ አድራሻችሁ ላይ የከተማው ስም መኖሩ አያታልላችሁ። የእኔም ላይ አለ። የአውራጃው የንብረት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገቡና እዩ፣ ወይም ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማን ይሾማል? ማን ያወርዳል?

ክርክሩ ሲጀመር «የሕዝብ ቁጥጥር»፣ «ነጻ ቦርድ»፣ «የባለሙያ አመራር» የሚሉ ቃላት ይበዛሉ። አትደናገጡ። አራት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። የሚወስኑትን ሰዎች ማን ይሾማቸዋል? ማን ሊያወርዳቸው ይችላል? ታሪፉን መጨረሻ ላይ የሚያጸድቀው ማን ነው? ከመብራት ሽያጭ የሚተርፈው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? የአራቱን መልስ አንድ ወረቀት ላይ ካሰፈራችሁ፣ ስብሰባው ላይ ካለው ሰው ከግማሹ በላይ ታውቃላችሁ።

መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የሚወስነው ራሱ የከተማው ምክር ቤት ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ኮሚሽነሮች አሉ፤ ከንቲባው ይሾማቸዋል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃቸዋል። ሳክራሜንቶ ውስጥ ደግሞ መብራቱን የሚመራው ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ ነው፤ ሰባቱንም ደንበኛው በየቀጠናው ይመርጣቸዋል። የአገልግሎቱ ክልል ከከተማው ሰፋ ያለ ነው፤ ከከተማው ውጭ ያለውም ቀጠና አለው፣ ይመርጣል። እኔ ለራሴ ብጠየቅ የምመርጠው ይህኛውን ነው። ኔብራስካ ውስጥ መላው ስቴት በሕዝብ መብራት ነው የሚኖረው፤ ትልልቆቹን ድርጅቶች የሚመሩት ቦርዶችም በምርጫ የሚመጡ ናቸው። ማለትም ነገሩ የሚቻል ነው። «ቦርድ በምርጫ አይሆንም» የሚላችሁ ሰው ካለ እነዚህን ሁለት ስሞች ንገሩት።

ጌይንስቪል፣ ፍሎሪዳ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለእንደኛ ዓይነቱ ደንበኛ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም።

እዚያ መብራቱን የሚያስተዳድረው የከተማው ኮሚሽን ነበር። ከሦስት ደንበኞች አንዱ ገደማ የሚኖረው ከወሰኑ ውጭ ነው። በ2009 ከተማው እንጨት እያነደደ 100 ሜጋዋት ከሚያመነጭ ጣቢያ ለሠላሳ ዓመት ኃይል ለመግዛት ተዋዋለ። ከዚያ የተፈጥሮ ጋዝ ረከሰ፣ ውሉ ደግሞ ውድ ሆኖ ቀረ። በ2017 ከውሉ ለመውጣት ሲል ከተማው ጣቢያውን ራሱን ገዛው፤ 750 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በብድር። ዕዳውን የሚከፍለው ቆጣሪ ያለው ሁሉ ነው፤ ውስጥ ያለውም፣ ውጭ ያለውም።

በ2023 የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት መብራቱን ከከተማው እጅ አወጣው። አገረ ገዢው ለሚሾማቸው አምስት ሰዎች ሰጠው። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከወሰኑ ውጭ ያሉ ደንበኞች ድምፅ የላቸውም የሚል ነበር። ምክንያቱ እውነት ነው። ግን መፍትሔው ለእነዚያ ደንበኞች የምርጫ ወረቀት አልሰጣቸውም። ሹመት ነው የሰጣቸው። በኅዳር 2024 የከተማው መራጭ በሕዝበ ውሳኔ፣ 73 በመቶ ያህል፣ መብራቱ ወደ ከተማው ይመለስ አለ። ያን ቀንም የመረጠው የከተማው ነዋሪ ብቻ ነው። አምስቱ ሹሞች የተቀመጡበት ቦርድ ነገሩን ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2025 ከተማው ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ አካሄደ፤ ውጤቱ እንደ መጀመሪያው ሆነ።

የውጭው ደንበኛ ስም ክርክሩ ውስጥ ተነስቷል። የትኛውም ወገን ግን ያንን ደንበኛ ኮሮጆ ፊት አላቆመውም። ስለዚህ የእናንተ ከተማ ውስጥ አንዱ ተነስቶ «ከወሰኑ ውጭ ላሉት ስንል ቦርድ እናቋቁም» ሲል፣ ሌላው «መብራታችንን አንሰጥም» ሲል፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፦ እኔ በየትኛው ቀን፣ የት ሄጄ፣ ማንን ነው የምመርጠው? ይህን ሳይመልሱ ወደ አንዱ ወገን አትቁጠሩ።

ገንዘቡን ተከተሉት

የከተማ መብራት ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን የለውም። ግን አብዛኛው ከተማ ከመብራቱ ገቢ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ወደ ጠቅላላ በጀቱ ያዛውራል። ፖሊስ፣ መናፈሻ፣ ቤተ መጻሕፍት ከዚያ ይታገዛሉ። የከተማው ሰዎች የሚሰጡት መከራከሪያ አለ፦ መብራቱ የግል ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ግብር ይከፍለን ነበር፣ ይህ የዚያ ምትክ ነው። ተገቢ ነገር ነው፤ አልቃወመውም። ጥያቄዬ ልኩ ላይ ነው። ከወሰኑ ውጭ ያለ ሰው ለዚያ መናፈሻ በቢሉ ያዋጣል፣ መናፈሻው ስንት ይመደብለት የሚለው ላይ ግን ቃል የለውም።

ይህን ቁጥር ፈልጉት። የከተማው ዓመታዊ በጀት ውስጥ «ከመብራት ወደ ጠቅላላ በጀት የሚዛወር» በሚል ዓይነት ስም ይገኛል። በኦዲት የተመረመረው የመብራት ድርጅቱ የሂሳብ ሪፖርት ውስጥም አለ። የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን ጻፉት። ከዚያ የሚዛወረው በምን ቀመር እንደሆነ ጠይቁ። ቀመር ካለ ጣሪያ አለው ማለት ነው፤ ልትከራከሩበትም ትችላላችሁ። ቀመር ከሌለ በጀት በጎደለ ቁጥር ዓይን የሚያርፈው ቢላችሁ ላይ ነው።

ሌላው የምትፈልጉት ወረቀት የታሪፍ ጥናቱ ነው። ታሪፍ ከመጨመሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ አማካሪ ተቀጥሮ ይሠራዋል። ወፍራም ነው። ሁሉንም አታንብቡ። ቋሚ ክፍያው ስንት ይጨምራል፣ በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውስ ስንት ይጨምራል የሚለውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት በወር 50 ዶላር ትከፍላለች እንበል። ትልቅ ቤት ያለው ቤተሰብ 200 ይከፍላል። ቋሚ ክፍያው ላይ 10 ዶላር ከተጨመረ፣ ለእሷ ሃያ በመቶ ጭማሪ ነው፤ ለእነሱ አምስት በመቶ። ስብሰባው ላይ የሚነገረው ግን «አማካይ ጭማሪው» ነው። አማካዩ ውስጥ እሷ አትታይም። እኔ ሁልጊዜ ይህን ስሌት ሠርቼ ነው የምሄደው፣ በራሴ ቢል።

መቼ መሄድ እንዳለባችሁ

ቢጫው ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ዘግይታችኋል። እጅ የሚወጣበት ስብሰባ የመጨረሻው ነው። ውሳኔው ከዚያ ወራት በፊት፣ ማንም በማይመጣባቸው የሥራ ስብሰባዎች ላይ መልክ ይይዛል። የብዙ ከተማ የበጀት ዓመት በሐምሌ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ይገባል። ከዚያ አምስት ስድስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሩና ያን ጊዜ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከሠራተኞቹ ሌላ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። ከስብሰባው በኋላ የታሪፍ ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና በእርሳስ እያሰመረ አስረዳኝ። በመጨረሻው ስብሰባ፣ ሁለት መቶ ሰው ተሰብስቦ፣ ይህ አይገኝም።

አጀንዳው ከስብሰባው ጥቂት ቀናት በፊት ይወጣል። ስታነቡት መጀመሪያ ላይ ያለውን ረጅም ዝርዝር አትዝለሉ። ያለ ውይይት በጅምላ የሚጸድቁ ጉዳዮች እዚያ ናቸው፤ የኃይል ግዢ ውልም አንዳንዴ እዚያ ውስጥ ይገባል። አንዱን ከዝርዝሩ አውጥተው እንዲወያዩበት የምክር ቤት አባላትን አስቀድማችሁ በኢሜይል መጠየቅ ትችላላችሁ። የሚወክለኝ ስለሌለ እኔ ለሁሉም እልካለሁ። የሚመልሱልኝ አሉ።

ሦስት ደቂቃ

የመናገሪያ ጊዜው ብዙ ቦታ ሦስት ደቂቃ ነው። ጠረጴዛው ላይ መብራት አለ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የመጀመሪያ ቀን ከስልኩ ጀመርኩ፣ ስለ ሌሊት ሥራዬ ተናገርኩ፣ የአምስት ዓመቱን ቁጥር ጠራሁ። ምን እንደምፈልግ ልናገር ስል ቀዩ በራ። ሰብሳቢው አመሰገኑኝና የሚቀጥለውን ጠሩ። ቤቴ ስደርስ አለቀስኩ።

አሁን የምጀምረው ከጥያቄው ነው። «ከወሰኑ ውጭ ላሉ ደንበኞች ድምፅ የሚሰጥ መቀመጫ እንዲኖር እጠይቃለሁ።» ይህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ቁጥር፣ አንድ ታሪክ፣ ከዚያ ጥያቄውን ደግሜ እቀመጣለሁ። ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ በሰዓት እለማመደዋለሁ። ጽሑፉን አትሜ ለጸሐፊው አንድ ቅጂ እሰጣለሁ፤ ቀይ ቢበራ እንኳ ወረቀቱ ይቀራል። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው አስተርጓሚ በጽሑፍ፣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ስብሰባው ዕለት ብትጠይቁ አይደርስም።

የምትጠይቁት ነገር ይለይ። «ስሙን» ብቻ ካላችሁ ይሰሟችሁና ያልፋሉ። አማካሪ ኮሚቴ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አትናቁት፣ ግን ሁለት ነገር አስጽፉበት፦ አባላቱን ከወሰኑ ውጭ ያሉት ደንበኞች ራሳቸው ይምረጧቸው፣ ምክር ቤቱም ለኮሚቴው ምክር በጽሑፍ መልስ ይስጥ። መልስ የማይጻፍለት ኮሚቴ ሰው ያደክማል እንጂ ታሪፍ አይነካም።

ሦስተኛ በርም አለ፤ ይግባኝ። ቴክሳስ ውስጥ ከወሰን ውጭ ያሉ ደንበኞች ፊርማ አሰባስበው የከተማውን ታሪፍ ወደ ስቴቱ ኮሚሽን መውሰድ ይችላሉ። ከወሰን ውጭ ካሉት ደንበኞች አምስት በመቶው ወይም አሥር ሺህ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ መፈረም አለበት፤ ጊዜው 45 ቀን ነው። ኦስቲን በ2012 ታሪፍ ስትጨምር የውጭዎቹ ይህን አደረጉ። በ2013 በስምምነት አለቀ፤ ለእነሱ ታሪፉ ዝቅ አለላቸው። የእናንተ ስቴት ሕግ እንዲህ ያለ በር ካለው ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተላለፈ ጀምሮ ነውና ቅጹን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ፊርማ ስታሰባስቡ ደግሞ ከእኔ ስህተት ተማሩ። አንድ ቅዳሜ በየበሩ ዞርኩ። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ ጋሼ የምላቸው አዛውንት፣ ቁጭ ብለው እስክሪብቶውን በጥንቃቄ ይዘው ፈረሙልኝ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ፊርማቸው ወድቆ ተመለሰ። ሄጄ «ጋሼ፣ ቆጣሪው በስምዎ ነው?» አልኳቸው። «የለም፣ በልጄ ስም ነው፤ ገንዘቡን ግን እኔ ነኝ የምከፍለው» አሉኝ። አንገታቸውን ደፉ። እኔም የምለው ጠፋኝ። አሁን በር ላይ ቆሜ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቢሉን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብዬ ነው። ስሙ ቢሉ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል። ተከራይ ከሆናችሁና ቢሉ በአከራያችሁ ስም ከሆነ በስማችሁ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ።

«እንሽጠው» የተባለ ቀን

አንዳንዴ ክርክሩ ከቁጥጥር አልፎ ወደ ሽያጭ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነቃ በሉ። ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ በ2019 የከተማውን መብራትና ውኃ ድርጅት ለመሸጥ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከሽያጩ ጋር የተያያዘ የሠራተኞች ጉርሻ ዕቅድ ነበረ፤ ኦዲተሮች ሲያሰሉት ለኃላፊዎቹ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆኖ ተገኘ። ሽያጩ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተሰረዘ። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሰው በ2024 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ስለዚህ ሽያጭ ሲነሳ ከዋጋው በፊት ጠይቁ፦ ሽያጩ ቢሳካ ከሚወስኑት ሰዎች መካከል ገንዘብ ኪሱ የሚገባለት አለ? ያለ ሕዝበ ውሳኔ መሸጥ እንዳይቻልስ የከተማው ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጉ፣ ውስጥ ተጽፏል?

ሕዝበ ውሳኔ ላይ ለመቁጠርም ሰው መውጣት አለበት። በርሊን በኅዳር 2013 መብራቱ ወደ ሕዝብ እጅ ይመለስ ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። ከመረጡት 83 በመቶው አዎ አለ። ሕጉ ግን ከጠቅላላው መራጭ ሩቡ አዎ እንዲል ይጠይቅ ነበርና በ21 ሺህ ድምፅ ገደማ ጎደለ፤ ወደቀ። ሌላዋ የጀርመን ከተማ ሃምቡርግ በዚያው ዓመት መስከረም በ50.9 በመቶ አሳልፋው ነበር። እናንተ ራሳችሁ መምረጥ ባትችሉ ከወሰኑ ውስጥ የሚኖር ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የዕድር አባል አይጠፋም። እኔ የስልኬን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አይቼ ውስጥ የሚኖሩትን ለይቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ምርጫ ሲቃረብ ለሁሉም እደውላለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስብሰባው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤውን አውጥታችሁ አንብቡ። ባለፈው ዓመት የእኔ ስም «ጭማሪውን ደግፈው ተናገሩ» ከሚለው ሥር ሰፍሮ አገኘሁት። የሰጠሁትን የታተመ ጽሑፍ አያይዤ ለጸሐፊው ላክሁ። በቀጣዩ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤው ከመጽደቁ በፊት፣ ማስተካከያው ተነበበ። ስሜ በተቃወሙት ሥር ተዛወረ፤ ቀጥሎም በቅንፍ «ከወሰን ውጭ ያለ ደንበኛ» ተብሎ ተጻፈ።